የሚያበራ ጥላሸት

ቅዳሜ፣ ግንቦት 1 ቀን 2007፣ ዲማ

አባቴ ዘንድ ዋልኩ። ቀለም የሚበጠብጡበትን ጥላሸት ለመንኳቸው።

“ዩኒቨርሲቲው ጥላሸት አጣ?”

በአሲድ ፈልቶ ሲጣራ ደቃቁ ብናኝ እንደሚያበራ፣ ሕያው ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ሕዋሱን በማይክሮስኮፕ እንደሚያሳይ አስረዳሁ።

“ስድሳ ዓመት ብራና ላይ ጥቁር ነው ብዬ ጻፍኩበት። እንግዲያ ሳልሞት አሳየኝ።”

ያስላቸዋል። “አቧራ ነው” አሉ። አመንኩ... ዶክትሬት ያለኝ ሰውዬ።

ለሕዋስ ከእኅቴ ከማንጠግቦሽ የጠላ ጥንስስ ቀዳሁ። እርሾ ሕያው ነው፤ ፈቃድም አይጠየቅበትም። ማንጠግቦሽ ግን “ማንን አስፈቅደህ?” አለችኝ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 5፣ ደብረ ማርቆስ

ጥላሸቱ አበራ! አልትራቫዮሌት መብራት ሥር፣ አረንጓዴ።

ሰኞ፣ ግንቦት 10፣ አዲስ አበባ

ማይክሮስኮፑ ለአንድ ሳምንት ተፈቀደልኝ። ሕዋሶቹ እንደ ጧፍ ቦግ አሉ። አባቴ ጋ ደወልኩ፤ ማንጠግቦሽ አነሳች።

“ተኝተዋል፣ ጋሼ።”

“በቀን?”

“ደክሟቸው ነው።”

ድምጿ ጎርንኗል። ጉንፋን ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 11

የማይክሮስኮፑ ባለሙያ ደመላሽ ፎቶዬን አየ። “መምህር፣ እነዚህ እኮ የሞቱት ናቸው።”

እውነቱን ነው። አሲዱን በደንብ አላጠብኩም፤ ፈጅቷቸዋል። ያለሁት ሬሳ እያደነቅሁ ነው። አባቴ ይስቁብኛል ብዬ ደወልኩ።

“ቅዳሴ ናቸው” አለች ማንጠግቦሽ።

ማክሰኞ፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ ጾም በሌለበት... ምን ቅዳሴ? ተሳስታ ነው ብዬ መልሱን እኔው ሰጠሁላት።

ሐሙስ፣ ግንቦት 13

ደጋግሜ አጠብኩ። ዛሬ ሕያዎቹ አበሩ። አንዷ ልጇን በጎኗ አዝላለች፤ ለሁለት እየተከፈለች። ፎቶውን አሳተምኩ፤ ለአባቴ ዓይን እንዲመች በትልቁ።

ዓርብ፣ ግንቦት 14፣ ሉማሜ

አውቶቡሱ ለሻይ ቆመ። የሥራ ባልደረባዬ ገዳሙ ለሦስተኛ ጊዜ ደወለ፦ “የት ደረስክ?” ይህን ያህል እንደምወደድ አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 15፣ ደብረ ማርቆስ

ሳይነጋ በር ተንኳኳ። ገዳሙ፣ ጎረቤቶቼ... ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማን ይናገር ብለው ይተያያሉ። ፎቶው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

እሑድ ነው ያረፉት።

ሰኞ፣ ግንቦት 24፣ ዲማ

“‘ሥራውን ሳይጨርስ እንዳትነግሪው’ ብለው አደራ አሉኝ” አለች ማንጠግቦሽ።

“ሰኞ ስደውል?”

“ከቀብር ተመልሰን እጃችንን እየታጠብን ነበር።”

አልተቆጣኋትም። በማን ልቆጣ?

ፎቶውን ጀምረው የተዉት ብራና ውስጥ አኖርኩት። ይህን የምጽፈው በቀለም ቀንዳቸው ውስጥ በተረፈው ነው። አልትራቫዮሌት መብራቱ ቦርሳዬ ውስጥ አለ... አላወጣሁትም።

ጥቁር ነው።