የአያ ሞላ ዘይት

መተማ ዮሐንስ፣ ጥቅምት 22 ቀን 1979 ዓ.ም.

ሰሊጥ አምራቹ አያ ሞላ ዛሬም ደረታቸውን ይዘው ከባለቤታቸው ጋር ክሊኒክ መጡ። የሰሊጥ ነዶ ሲያነሱ ደረታቸውን ጥፍር አድርጎ ይይዛቸዋል። በሰኔ ቅቤ ከልክዬ ዘይት ያዘዝኩላቸው እኔ ነኝ።

«ቅቤ ቀመሱ?» አልኳቸው።

«በማርያም፣ አልቀመስኩም።»

ባለቤታቸው ዘይቱን በጣሳ አሳዩኝ። ጠቁሮ ወፍሯል፣ ሽታው ይሰነፍጣል። ከሰኔ ጀምሮ ዓሣ እየጠበሱበት መልሰው የሚያጠራቅሙት ነው። ጎንደር ስሠለጥን፣ እንዲህ ተቃጥሎ የተበላሸ ቅባት የልብን ደም ሥር ከውስጥ ያቆስላል፣ ያሳብጣል ብሎ አንድ ሐኪም አስተምሮን ነበር። እኔ ግን ዘይቱን ሳዝ ይህን አልነገርኳቸውም።

«ምነው ሳይደፉት ቀሩ?» አልኳቸው ባለቤታቸውን።

«ዶክተር፣ እርስዎ ያዘዙትን መድኃኒት እንዴት እደፋለሁ?» አሉኝ ሴትዮዋ።

ቁስል አጣቢ ድሬሰር እንጂ ዶክተር አለመሆኔንም አልነገርኳቸውም።