ጮክ ተብሎ የሚነበብ፣ የመምህር እሸቴ ሙላቴ የሕይወት ታሪክ

መምህር እሸቴ ሙላቴ ከአባታቸው ከአቶ ሙላቴ ሲሳይና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፈንታነሽ አያሌው በ1954 ዓ.ም. በጉና ተራራ ግርጌ ተወለዱ። በሰባት ዓመታቸው ኩፍኝ የዓይናቸውን ብርሃን ነሳቸው። በዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ተምረው፣ ከ1978 ዓ.ም. እስከ ጡረታቸው ድረስ በደብረ ታቦር ታሪክ አስተማሩ። በ1982 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሠናይት አድማሱ ጋር ጋብቻ መሥርተው ልጃቸውን ገነትን ወለዱ። ተማሪ በኮቴው የሚለዩ፣ ቀልድ አዋቂ፣ ክርክር የማይሰለቹ ሰው ነበሩ።

በ2014 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማቸው አቶ አዳነ አእምሯቸው ታውኮ ከቤት ወጥተው ጠፉ። ከሦስት ወር በኋላ አንድ ደግ ሰው በሌላ ከተማ ታመው አገኛቸውና ፎቶግራፋቸውን ለአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሰጠ። ጣቢያውም ፎቶውን፣ የአቶ አዳነን ስምና የሰውየውን ስልክ ቁጥር በጽሑፍ ደርድሮ ዋሽንት አስነፋበት። አንባቢ የለ፣ ተናጋሪ የለ! መምህር እሸቴ ሦስት ቀን ሙሉ በምሳ ሰዓት፣ ለብቻቸው፣ እዚያው ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ያንን ዋሽንት አደመጡ። በአራተኛው ቀን ማስታወቂያውን ያየ ዘመድ ከሐሙሲት ደውሎ ነገራቸው። ሲደርሱ አቶ አዳነ አርፈው ነበር።

ከዚያ ወዲህ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጻፋችሁትን አንብቡልን። ሦስት ዓመት ለጣቢያው ማመልከቻ አስገቡ። ኃላፊ ተብዬው “ዓይነ ስውር ቴሌቪዥን ምን ያደርግለታል?” ብሎ ሳቀ። ሁለት መስመር ጮክ ብሎ ማንበብ ይህን ያህል ተራራ ሆነባቸው፤ ያሳፍራል። በአካል ጉዳተኞች ቀን ግን እነዚሁ ሰዎች ካሜራቸውን አግተልትለው መጡና ኀምሳ አምስት ኢንች ስክሪን ሸለሟቸው። ይታያችሁ፣ ለዓይነ ስውር! መምህር ዳር ዳሩን ዳሰሱና “ትልቅ ነው። ማንበብ ይችላል?” ሲሉ ጠየቁ። እነሱ አጨበጨቡ። ዜናውን በዩቲዩብ ሳይቀር ለቀቁት፤ ስማቸው በጽሑፍ ብቻ፣ ከሥሩም ዋሽንት።

መምህር እሸቴ በስኳር ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በ64 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል።

ጣቢያው ትናንት ለኀዘን መግለጫ ፎቶግራፋቸውን ጠየቀ። ገነት “ስማቸውን ታነቡታላችሁ?” አለች። “ጽሑፉ ይበቃል” ተባለች። ፎቶው አልተሰጠም።

ያ ፎቶ በዚህ ወረቀት ሽፋን ላይ ነው። ማየት የተሳናችሁ ወዳጆቻቸው፣ እንንገራችሁ፦ መምህር ጋቢ ደርበው ከደጃቸው ተቀምጠዋል። ሪዛቸው ነጭ ነው፣ ተከርክሟል። ግራ እጃቸው የወይዘሮ ሠናይትን ትከሻ ይዟል። አፋቸው ተከፍቷል፤ አንድ ነገር እየተናገሩ ነው።

ማንንም የማይዘነጋ አምላክ ነፍሳቸውን በስማቸው ጠርቶ ወደ ዕረፍቱ ያስገባልን። አሜን።