አራት ሆነን እንደ በሬ ስለገዛናት መኪና

ይድረስ ለክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ
የቅንጦት መኪና ከባሕር ማዶ እያስመጡ ለወገን ለሚያቀርቡት
አዲስ አበባ፣ ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

እርስዎ፣ የተከበረው ቤተሰብዎ፣ የሽያጭ ክፍልዎ፣ ስልክ የምታነሳልን ትሑት ሠራተኛዎ፣ እንዲሁም «እባክዎ ይጠብቁ» ከተባልን በኋላ የሚያጫውቱልን ሙዚቃ ሁላችሁም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ሙዚቃው እንኳ ደኅና መሆኑን በራሴ ጆሮ አረጋግጫለሁ፤ ትናንት ከሰዓት በኋላውን ያሳለፍነው አብረን ነው። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። እንሰቱ አምሮበታል፣ ገብሱም ዘንድሮ አያሳፍርም። እርስዎ የሸጡልን መኪናም ነጭነቷና ውበቷ ሳይጓደል በተረፈ ግቢ ውስጥ ቆማለች። የተረፈ ዶሮዎች ስለሰጧቸው ጥላ ምስጋናቸውን እንዳደርስላቸው ቢችሉ ይጠይቁኝ ነበር።

ደንበኛዎ ብዙ ነውና ማን እንደሆንን ላስታውስዎ። እኛ ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ሌሞ ውስጥ የምንኖር የአንድ ቱታ አባላት ነን። ቱታ ማለት ጎረቤታሞች ዓመቱን ሙሉ እያጠራቀሙ ለመስቀል አንድ በሬ በጋራ ገዝተው እኩል የሚካፈሉበት ማኅበር ነው። በእኛ ቱታ አራት ነን። በሬ በመምረጥ ዝናቸው እስከ ሞርሲቶ የተሰማው ጋሽ ወንዳፈረው አሉ፣ የፈረስ ጋሪ ያለው ተረፈ አለ፣ የታሪክ መምህርና የማኅበሩ ጸሐፊ የሆንኩት እኔ አለሁ። አራተኛው ደቡብ አፍሪካ ሱቅ የሚሠራው ሚኪያስ ነው፤ አባቱ አቶ ብሩ ሲያርፉ ቦታቸውን ወረሰ፣ የሥጋ ድርሻውን ግን በየመስቀሉ የሚቀበሉለት እናቱ እትዬ እህተማርያም ናቸው።

ሚኪያስ የመኖሪያ ወረቀቱ ገና ስላላለቀ ከዚያ አገር ከወጣ ተመልሶ መግባት አይችልም። እህቱ ሮማን ስትታጭ ታዲያ ነገሩ ከበደው። በእነሱ ቤት አባት ከሌለ ሙሽራዋን ከደጅ አንሥቶ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳት ታላቅ ወንድም ነው። ደውሎ የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «እኔ ካልመጣሁ በእኔ ቦታ መኪና ያድርሳት። ጥሩ መኪና ይሁን።» ትልቁን ድርሻ እሱ ላከ፤ የቀረውን እኛ ሞላን። ከሠርጉ በኋላ ደግሞ ለጊምቢቹም ለዱራሜም ሙሽሮች እያከራየናት እንደምንካፈል ተስማማን።

እዚህ ላይ ለፍትሕ ስል የእኛንም ስሕተት ልጥቀስ። መኪናዋን የገዛናት በምናውቀው መንገድ፣ ማለትም እንደ በሬ ነው። ጋሽ ወንዳፈረው መሸጫዎ ድረስ መጥተው ዙሪያዋን ዞሩ፣ ጎኗን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ፣ ኮፈኗን አስከፍተው አፏን አዩ፣ ወዲያና ወዲህ አስኬዱ፣ ስለ አበላሏ ጠየቁ፣ በመጨረሻም ታማ ታውቅ እንደሆነ ጠየቁ። ከረባት ያሰረው ሠራተኛዎ በፍጹም ታማ እንደማታውቅ ቃሉን ሰጠ፤ ቃል ከተሰጠ ደግሞ በእኛ ዘንድ ግዢው አልቋል። ያልገባን ነገር ቢኖር ልዩነቱ ነው። በሬ መንገድ ላይ እግሩ ቢሰበር እንኳ በሬ ነው፤ እዚያው አርደን እንካፈለዋለን። መኪናዎ መንገድ ላይ ስትቆም ምን እንደምትሆን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

አሁን በፈቃድዎ ወደ ምስጋናዎቻችን ልለፍ።

አንደኛ። የነጂውን ቁመት አስታውሳ ወንበሯን በራሷ ስለምታስተካክል እናመሰግናለን። የምታስታውሰው ግን በሁለቱ ቁልፎቿ ልክ ሁለት ሰው ብቻ ነው። አንደኛውን ቁልፍ ረጅሙ ጋሽ ወንዳፈረው ያዙት፣ ሁለተኛውን አጭሩ ተረፈ። ድርሻችን እኩል ቢሆንም እኔ የምነዳው በተረፈ ልክ፣ ጉልበቴን ከአገጬ አስጠግቼ ነው። የታሪክ መምህር ስለሆንኩ መረሳት አዲስ አይደለም፤ በወንበር መረሳት ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ሁለተኛ። ለተሳፋሪ ደኅንነት ስላላት ጽኑ አቋም እናመሰግናለን። እትዬ እህተማርያም ለሮማን አማቾች የሚላክ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ፊት ወንበር ላይ ባስቀመጡ ጊዜ መኪናዋ ቀበቶ ካልታሰረ ብላ ከቤት እስከ አስፋልት ጮኸች። አሰርንለት። ከተማ መግቢያ ላይ ያስቆመን ትራፊክ ፖሊስ ቀበቶውን በሥርዓት ያሰረውን ቆጮ ተመለከተ፣ ቀጥሎም ጩኸቱን ለማታለል ቀበቶውን በጀርባቸው አዙረው የሰኩትን ነጂውን ጋሽ ወንዳፈረውን ተመለከተ። ከሁለቱ አንዱ ተቀጣ፣ አንዱ በአርአያነት ተጠቀሰ። ጋሽ ወንዳፈረው ያን ቆጮ ከዚያ ቀን ወዲህ በደግ አላነሡትም።

ሦስተኛ። በዱባይ በኩል ስለመጣች በዳሽቦርዷ የስክሪን መስታወት ላይ የምትጽፈው ሁሉ ዐረብኛ ነው። ቋንቋዋን ለመለወጥ ሲስተሟ መታደስ አለበት፣ ሲስተሙን ለማደስ ኔትወርክ ያስፈልጋል፤ ስለ ኔትወርክ በሰፈራችን የሚባለውን በአደባባይ ደብዳቤ አልጽፈውም። ስለዚህ መኪናዋ በተናገረች ቁጥር መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ያለውን ወዳጃችንን ኸይረዲንን እንጠራለን። ኸይረዲን በልጅነቱ የተማረው ዐረብኛ ስለ ሞተር ዘይት የሚያነሣ ባይሆንም ሱቁን እየዘጋ ይመጣል፣ መነጽሩን ያደርጋል፣ ረጅም ጊዜ ያነባል። «አነጋገሯ ትሑት ነው» ይለናል። ከዚያ በላይ ካስጨነቅነው ይቆጣል።

አራተኛ። ከተማችን በልማት ስም ኮብልስቶን አንጥፋለች፤ ባለ ባጃጆቹ እንዳይበሩም በየመቶ ሜትሩ ጉብታ ሠርታለች። መኪናዎ ሆዷ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከእያንዳንዱ ድንጋይ ጋር በግል ትተዋወቃለች።

አምስተኛ። ጎማዋ ሲፈነዳ የስኮርታውን ቦታ ስንከፍት ስኮርታ የለም። በምትኩ አንድ ጠርሙስ ሙጫ አገኘን። ጎሚስታው ሙጫውን አሸተተ፣ እኛን አየ፣ ጠርሙሱን መለሰልን።

ስድስተኛ። ስለ ግልጽነቷ እናመሰግናለን። ዳሽቦርዷ ላይ ዛሬ ቢጫ፣ ነገ ቀይ መብራት ይበራል። ራሷን በራሷ ትገመግማለች፣ ድክመቷን አንድ በአንድ ታምናለች፣ ለማስተካከል ግን አቅጣጫ እስኪሰጣት ትጠብቃለች። በዚህ ረገድ ከአካባቢያችን ስብሰባዎች ጋር ለመግባባት ጊዜ አልፈጀባትም።

ሰባተኛው ተራ ቁጥር የሚበቃው ስላልሆነ ረዘም አድርጌ እንድነግርዎ ይፍቀዱልኝ። የሮማን ሠርግ ነው።

በጥር ወር፣ በቅዳሜ ጠዋት፣ መኪናዋ በአበባና በሪባን አጊጣ ከእትዬ እህተማርያም ደጅ ቆመች። ሚኪያስ በዚያ ቀን ሱቁን ዘግቶ ስልኩን ይዞ እንደሚቀመጥ ነግሮናል፤ ቪዲዮ የመቅረጹ ኃላፊነት የእኔ ነበር። ሙሽራዋ ከሚዜዋ ጋር ከኋላ ገባች፣ ጋሽ ወንዳፈረው መሪውን ያዙ፣ ሚኒባሶቹ ከኋላ ተሰለፉ። አስፋልቱ ሊታየን ሲል አንድ ቀይ ጽሑፍ በራና መኪናዋ እንደ ደከመው ሰው ቀስ ብላ ቆመች። ኸይረዲን ከሦስተኛው ሚኒባስ ወርዶ መጣ። መነጽሩን አደረገ፣ አነበበ፣ ደግሞ አነበበ። «ቁሙ ነው የምትለው» አለን። ቆመን ነበር።

ወዲያው ለድርጅትዎ ደወልኩ። ትሑቷ ሠራተኛዎ የጥገና ማእከላችሁ የሚገኘው አዲስ አበባ እንደሆነ አስረዳችኝ። መኪናዋ አልንቀሳቀስ ማለቷን፣ የደወልነውም በዚሁ ምክንያት መሆኑን በአክብሮት ገለጽኩላት። መልሷን ቃል በቃል ይዤዋለሁ፦ «ሳናያት ምንም ማለት አንችልም፤ ይዛችኋት ኑ።»

ሰዉ መከረ። አንዱ ሙሽራዋ ወደ ሚኒባስ ትዛወር አለ፣ ሌላው ባጃጅ ይጠራ አለ፣ የሙሽራው ወገኖች ደግሞ የራሳቸውን መኪና ለመስጠት ተጣደፉ። እትዬ እህተማርያም ሪባኑን በእጃቸው እየደባበሱ ቆሙ። ሮማን ያን ጊዜ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። «እኔ ከዚህ አልወርድም» አለች። «የሚያደርሰኝ ወንድሜ ነው።»

ተረፈ ወደ ቤቱ መንገድ ጀመረ፤ ሲመለስ ሁለቱን የጋሪ ፈረሶቹን፣ ቦራውንና ዳማውን፣ እየሳበ መጣ። መሐንዲሶችዎ የመጎተቻውን ቀዳዳ ከፓራውልቱ ላይ እንደ ነውር በፕላስቲክ ክዳን ሸፍነውት አገኘን። ከፈትነው፣ ገመዱን አሰርን። ጋሽ ወንዳፈረው በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀበቶ በትክክል አሰሩ። በማስታወቂያ ወረቀትዎ ላይ ከሁለት መቶ የሚበልጥ የፈረስ ጉልበት እንዳላት ተጽፏል። ከሁለቱ በቀር ሌሎቹን አላየናቸውም፤ ሁለቱም የተረፈ ናቸው።

መኪናዋ ሞተሯ እምቢ ቢልም ዓይኗ ደኅና ነበርና የቦራውን መቀመጫ ከፊቷ ስታይ ደነገጠች። መስታወቷ ላይ የቦራው ጭራ በቀይ መስመር ተከብቦ ታየ፣ ከውስጧም አንድ ነገር ሲቀርባት የምታሰማው ጩኸት ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ እያለ ወጣ። ዳገት ላይ ገመዱ ሲወጠር ይዘገያል፣ ሜዳ ላይ ገመዱ ሲረግብ ይፈጥናል። በመጀመሪያ አፈርን። ቀጥሎ አንዲት አክስት በጭብጨባ ገባችበት፣ ከዚያ ሌላዋ፤ ዘፈኑ ከጩኸቱ ጋር ልክ ገጠመ፣ ከየቤቱ የወጣውም ሰው ሆታውን ተቀበለው። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የቆሙት ቄስ ሙሽራዋን ከማየታቸው በፊት መኪናዋን ሰምተዋል። ሮማን ከወንድሟ መኪና ወረደች።

ቪዲዮውን የላክሁለት ሚኪያስ ብዙ ሳይቆይ ደወለ። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር ለመለየት ያስቸግር ነበር። ከዚያ «መኪናዋ አደረሰቻት?» አለኝ።

«አደረስካት» አልኩት።

ክቡር ሆይ፣ እስከዚህ ድረስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ ነበር። ከሠርጉ በኋላ ከጊምቢቹም ከሌሞም ቤተሰቦች መኪናዋን እየፈለጉ መጡ፤ ሁሉም ከነፈረሶቹ፣ ከነጩኸቷ ነው የሚሉት። ሥራ አገኘን ብለን ደስ ሲለን፣ ስንለምነው የከረምነው ባለሙያዎ በመጨረሻ መጣ። ላፕቶፑን ሰካ፣ ጥቂት ቆየ፣ ነቀለ። መብራቶቿ ሁሉ ጠፉ፣ ጩኸቷም ጸጥ አለ። ችግሩ ሙሉ በሙሉ መፈታቱን በፊርማችን እንድናረጋግጥለት ጠየቀን። ሞተሩን አስነሣልን ብንለው እሱ የመጣው ቅሬታዎቹን ለመዝጋት እንደሆነ አስረዳን፤ ሄደ። እንግዲህ መኪናችን ዛሬም አትሄድም፤ የተለወጠው ስለዚህ ጉዳይ ምንም አለማለቷ ነው። ድምፅ የሌላትን መኪና ሁለት ፈረስ ሲጎትታት ያየ ሰው ደግሞ አያጨበጭብም፤ ያዝናል። አንዲት ሙሽራ እንዲህ አይታት በባጃጅ ሄዳለች።

ስለዚህ ጥያቄያችን ትንሽ ነው። ሞተሯን እንዲጠግኑልን አንጠይቅም፤ ያን ያህል ልናስቸግርዎ አንደፍርም። ጩኸቷን ብቻ ይመልሱልን።

የድርጅትዎን ዕድገት፣ የስልክ ሙዚቃዎን ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎም ጉብታ የሌለበት መንገድ እየተመኘሁ፣ በጋሽ ወንዳፈረው፣ በተረፈ፣ በሚኪያስ፣ እንዲሁም በቦራውና በዳማው ስም ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤ ወንበሩ ስላስለመደኝ ዝቅ ማለት አይከብደኝም።

አክባሪዎ
ሀብቴ፣ የቱታው ጸሐፊ
ሆሳዕና፣ ነሐሴ 2007 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ መስቀል ደርሷል፤ ጋሽ ወንዳፈረውም ለዘንድሮ አንድ ደልዳላ በሬ መርጠዋል። በማኅበራችን ዓመቱን አብሮን ያሳለፈ ሰው ባዶ እጁን ስለማይሸኝ ለእርስዎም አንድ መደብ ሥጋ እናስቀምጥልዎታለን። ለመረከብ የሚጠበቅብዎ በሬው ከታረደ በኋላ በእግሩ እየነዱ ይዘውልን መምጣት ብቻ ነው። ሳናየው ምንም ማለት አንችልም።