ከተረከዙ ጀምሪ

አባዬ፣ የእኔ ጫማ ሰፊ፣

ትናንት ከተለየኸን ድፍን ዓመት ሞላ። እስካሁን ያልጻፍኩልህ ባዶ እጄን መምጣት አፍሬ ነው። ዛሬ ግን የምሥራች ይዣለሁ፤ የእማዬ ጫማ ተሰፍቶ አለቀ!

ታስታውሳለህ፣ መኪና ከገጫት ወዲህ ግራ እግሯ ስለጠመመ የገበያ ጫማ እንቢ አላት። አንተም በእግሯ ልክ ፎርማ፣ ቆዳው የሚወጠርበት ቅርጽ፣ ካልተገኘ አይሆንም አልክ። እኔ ደግሞ ሬዚን የሚባለውን ፈሳሽ ሙጫ በሌዘር እያደረቀች ዕቃ በምታወጣው ማሽኔ አትምልሃለሁ ብዬ ጉራዬን ነዛሁ። ማሽኗ ግን ከእጅ መስቀል የሚበልጥ ነገር አትችልም ነበር። ለሁለት ከፍለን አትመን አጣበቅነው፤ በመጀመሪያው የመዶሻ ምት ፍርክስ አለ። ምን ያህል እንደሳቅክብኝ!

አንተ ካለፍክ በኋላ ማሽኗን አሳደግኳት። ሸጎሌ ሰፈር ባስቆረጥኩት ብረት ቁመቷን ጨመርኩ፣ ሌዘሩ ሰፊ ቦታ እንዲደርስ አርቄ ገጠምኩት፣ ሙጫው የሚፈስበትን ገንዳዋንም አሰፋሁ። ፀሐይ ሙጫውን ስለሚያጠጥረው የመስፊያ ክፍልህን መስኮት በጥቁር ጨርቅ ሸፈንኩ። እማዬ ታዲያ ሽታው ይውጣ ብላ አንድ ጠዋት ወለል አድርጋ ከፈተችው። ሙጫው ድንጋይ ሆኖ ጠበቀኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ስታቆላምጠኝ ሰነበተች።

ከዚያ ሌላ ጣጣ መጣ። የሚታተመው ሲተልቅ ከገንዳው ወለል ጋር ይጣበቅና ሲነሳ ይሰበራል። አምስት ጊዜ ሰበርኩ። አለቀስኩም፤ ለፎርማው ብቻ አልነበረም፣ ናፍቀኸኝ ነው። አንድ ቀን ሳትጨርሰው የቀረ ጫማህን ከፎርማው ላወጣ ስል እጄ ራሱ ወደ ተረከዙ ሄደ። ልጅ ሆኜ ጫማውን ሽቅብ ስጎትት፣ አትታገዪው፣ ከተረከዙ ጀምሪ ትለኝ ነበር። ወዲያው ለገንዳው በአንድ ጎኑ ማጠፊያ ሠራሁለት፤ ከአንድ ጫፍ ዘንበል እያለ ቀስ ብሎ እንዲላቀቅ። ፎርማው ሙሉውን ወጣ! ብቻዬን እያጨበጨብኩ ዘለልኩ።

ቆዳውን እኔው ሰፋሁት፤ ስፌቱ ትንሽ ጠማማ ነው፣ አትቆጣ።

እማዬ ትናንት ለሙት ዓመትህ እንጦጦን በእግሯ ወጣች። ሁለት ጊዜ ብቻ አረፈች፣ እሱም ወሬ ስላማራት ነው። ቤት ገብተን ጫማዋን ስታወልቅ እንባዋ መጣ። አመመሽ እንዴ ብላት፣ ምንም አላመመኝ፣ አባትሽ መቼም እግሬን ያውቀዋል አለችኝ። የሰፋሁት እኔ ነኝ ብዬ አላረምኳትም።

ፎርማውን ከፎርማዎችህ ጋር ደርድሬዋለሁ። ገንዳው ዘንበል ባለ ቁጥር ድምፅህን እሰማለሁ፤ አልረሳህም፣ አባዬ።

ስፌቷ ያልቀናላት ልጅህ