ያለ ኳስ የተጫወትናት አሥር ደቂቃ

ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ያ ሐኪሙ የሰጠሽ ቅባት በመጥፎ ጠረኑ ድመቷን ከቤት አባረራት ወይስ ለመደችው? እኔና ኤዝራ በአውቶቡስ ወንበር ላይ እየተኛን አንገታችን ከመጣመሙ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።

አሁን ተቀመጪ። የምታነብልሽ ኦዜላም ጉሮሮዋን ትጥረግ። በታላቅ ሐዘን የማስታውቃችሁ ነገር አለ፦ ባለፈው እሁድ ልጅሽ ሩፈስ በሦስት መቶ ሰው ፊት አንድ ነጭ ሰው ገደለ። በሳቅ።

አትደንግጪ፤ ሰውየው በእግሩ ነው የሄደው። ጣጣውም መሄዱ ነው።

ኤዝራ ይህን አይጽፍልሽም፤ ስለዚህ እኔው ልናዘዝ። ሰውየው ከነጮቹ ትልቅ የቤዝቦል ሊግ፣ ከእኛ ከጥቁሮቹ ተጫዋች ሊመርጥ የመጣ ነበር። ወንድሜ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሲወረውር እንዲህ ያለ ሰው መጥቶ አይቶት አያውቅም። ዕድሜውን ሃያ ስምንት ብሎ አስመዝግቧል፤ ሠላሳ አራት መሆኑን አንቺም እንዳትናገሪ። የዚያን ቀን ጠዋት ሁለቴ ተላጨ። ማልያውን አጥቦ ከወንበሩ ትራስ ሥር ዘረጋና እንዲተኮስለት ተቀመጠበት። «ምነው፣ እንቁላል ታቀፍክ እንዴ?» ብለው እንኳ አልተቆጣኝም።

ጨዋታው ሳይጀመር ሰው ለማሳቅ ያለ ኳስ የምንጫወታትን ታውቂያታለሽ፤ ሜከን ከተማ ላይ አይተሽ እንባሽ እስኪወርድ ስቀሻል። ኤዝራ ባዶ እጁን ይወረውራል፣ እኔ ተቀባዩ ጓንቴን በቡጢ ጧ! አደርጋለሁ፤ ሰው ሁሉ ኳሷን ያየ ይመስለዋል። አምስት ደቂቃ ትበቃለች። ኤዝራ ጠጋ ብሎ «ሩፊ፣ ዛሬ አሳጥራት፤ ሰውየው ባቡር አለበት» አለኝ። «እሺ ጌታዬ» አልኩት።

ግን ሰውየው ሳቀ። ኳሷ አቃጠለችኝ ብዬ እጄን ባልዲ ውሃ ውስጥ ስነክር ከሳቁ ብዛት ባርኔጣው ወደቀ። ጠፋችብኝ ብዬ ከወንበሩ ሥር ስፈልጋት እንባውን ጠረገ። እኔ ደግሞ፣ እማዬ፣ የሚስቅ ነጭ አይጎዳንም ብዬ ያደግሁ ነኝ። ከሳቀ ይወደናል፣ ከወደደን ኤዝራን ይወስደዋል አልኩ። ኤዝራ ከሜዳው መሃል «በቃህ፣ አንተ ከይሲ!» ይለኛል፤ እኔ እቴ! አሥር ደቂቃ ሞላ።

ሰውየው ሰዓቱን አየና ብድግ አለ። ለአሠልጣኛችን ለሚስተር ፔቲግሩ «እንዲህ ስቄ አላውቅም፤ ጥሩ ቀልደኞች አሉህ» ብሎት ሄደ። እውነተኛዋ ኳስ ገና ከከረጢቷ አልወጣችም ነበር።

ከዚያ ኤዝራ ዘጠኙንም ዙር ወረወረ። ከተጋጣሚዎቻችን አንድም ሰው ኳሷን አልመታበትም። እጄ ጓንቱ ውስጥ አብጦ ያንን ባልዲ የምሬን ፈለግኩት፤ ስነክረው ማንም አልሳቀም።

አውቶቡስ ውስጥ ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። ምነው በመታኝ! ከሱቅ ጓሮ በር የገዛነውን ዳቦና ሰርዲን ለሁለት ከፈለና ትልቁን ለኔ ሰጠኝ። «ሰውየው እያየ አንድም አልሳትኩም እኮ» አለ። እኔ ሩፈስ፣ እማዬ፣ መሳቅ አቃተኝ። ማልያውን ከዚያ ወዲህ ጠቅልሎ ጥግ ነው የሚጥለው።

ስታስጽፊለት ስለ ክንዱ ጠይቂው እንጂ ይህን አታንሺበት። ኦዜላን ስሚልኝ፣ ለፈተናዋም በርቺ በያት። ለአጎቴ ሉተርም የደበቅኩበት ፒፓ ከዶሮው ቤት ጣሪያ ላይ መሆኑን ንገሪው። ድመቷንም፣ ከተመለሰች፣ ሰላም በያት።

ደግሞ እንዳታለቅሺ፤ ነገሩ ትንሽ ነው። አንዱ አምስት ደቂቃ በሚበቃው ላይ አሥር ቀለደ፣ ሌላው ባቡር እንዳያመልጠው ሄደ። ሌላ ምንም አልሆነም።

ልጅሽ ሩፈስ
ሳሊና፣ ካንሳስ
ኦገስት 14 ቀን 1946