የጩማ ዱላ

ነሐሴ 9

ዝናብ። ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፤ የግል ትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪ ክረምት ላይ ምን ይሠራል? ሕፃን ያዝላል። ኤልሻዳይን አዝዬ አንዷን ክፍላችንን ስዞር ዋልኩ። ሁለት ወር ሞላት። ሚስቴ ትዝታ ጡቷ መግል ቋጥሮ ከተቀደደ ወዲህ ወተቷ ቆሟል፤ ሐኪሙ የጣሳ ወተት ስጧት ብሏል።

አመሻሽ ላይ ሱፐርማርኬት ሄድኩ። የወተቱ ዋጋ ጨምሯል። ባለፈው ሳምንትም ጨምሮ ነበር... ከፈልኩ፣ ምን አደርጋለሁ? በሩ ላይ የሚቆመው ጥበቃ፣ ጩማ የሚባለው፣ ከሶዶ ወጣ ካለችው ከጉኑኖ የመጣ ሰው፣ ፌስታሌን እንኳ ሳያይ "ሚስትህ ዳነ?" አለኝ። አማርኛው ላይ ሴትም ወንድም አንድ ነው። "ደህና ነው" አልኩት፣ በእሱው አማርኛ። ሳቅን።

ነሐሴ 14

ዛሬ እዚያው ሱፐርማርኬት ሁለት ሴቶች ለአንድ ዘይት ተፈነካከቱ። ወሬ አይደለም፣ በዓይኔ ነው ያየሁት። በድሮው ዋጋ የቀረች አንዲት ጀሪካን ነበረች። አንዷ እጀታውን፣ አንዷ ከስሩ... ከዚያ ፀጉር። ከዚያ ጥርስ። ጀሪካኗ ወድቃ ፈነዳች፤ ሁለቱም ዘይቱ ውስጥ ተንከባለሉ። ሰው ይስቃል። እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያ አፈርኩ።

የሱቁ ባለቤት ገበየው ከፎቅ ወርዶ መጀመሪያ የጠየቀው "ዘይቱን ማን ይከፍላል?" ብሎ ነው። የአንዷ ከንፈር እየደማ። ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው። እጄን በላኝ። ጩማ ግን ዱላውን ግድግዳ አስደግፎ ሴቶቹን አንድ በአንድ አነሳቸው፣ ፊታቸውን በገዛ ፎጣው ጠረገላቸው።

ነሐሴ 19

ትዝታ ብርጭቆ ወረወረችብኝ። ጆሮዬን ስቶ ግድግዳው ላይ ተሰባበረ።

ጡጦውን አይቼ ነው የጮህኩባት። ወተቱ ቀጥኖ ቀጥኖ ውሃ ሆኗል። ልጄን ውሃ ታጠጫለሽ? አልኳት። ለካ ጣሳው ቶሎ እንዳያልቅ ብላ ነው። "ታዲያ አንተ አምጣ" አለችኝ። ኤልሻዳይ ታለቅሳለች፤ ልቅሶዋ ራሱ ቀጥኗል።

ሰው መምታት አማረኝ። ማንን? እሱን ባውቅ...

ነሐሴ 21

ትናንት አልጻፍኩም። ፖሊስ ጣቢያ ነው ያደርኩት።

ወተት ልገዛ ሱፐርማርኬቱ ገብቼ ጣሳውን ከመደርደሪያው አነሳሁ። የዋጋው ስቲከር ወፈረብኝ፤ በጥፍሬ ላጥኩት። ስሩ ሌላ። እሱንም ላጥኩ። ስሩ ሌላ... ያው ጣሳ ነው፣ ክዳኑ ላይ አቧራው እንኳ አልተነካም። የመጨረሻው ስር ያለው እኔ ባለፈው ወር የከፈልኩት ዋጋ ነው። ደሜ ፈላ። ካሸሯን በዚህኛው ዋጋ ምቺልኝ አልኳት። "ሲስተሙ አይቀበልም" አለች። ጮህኩ። ጩማ መጥቶ ክንዴን ያዘ። ያዘ እንኳ አይባልም፣ ነካ።

"ቲቸር፣ ተው። ዋጋውን እኔ አልጻፍኩም።"

እኔ ያየሁት ዩኒፎርሙን ብቻ ነው። በጣሳው ፊቱን አልኩት። ደገምኩት። በሩ ደረጃ ላይ ወደ ኋላ ሄዶ በእጁ ላይ ወደቀ። ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ። ጣሳው ተከፍቶ ነጩ ዱቄት ደረጃው ላይ ከደሙ ጋር ተለወሰ።

ሰዉ አጨበጨበ። አዎ፣ አጨበጨቡልኝ። ደስ አለኝ... ለትንሽ ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ይኼንን ለማንም አልናገርም።

ጎረቤታችን አቶ አብርሃም ዋስ ሆነው አስወጡኝ። ደጃፌ ስንደርስ "የጩማ የእጁ አንጓ ተሰብሯል፣ ሁለት ጥርሱም የለም" አሉ። ቀጥለው፣ "ጊፋታ እየመጣ ነው። ቂም ይዛችሁ አዲሱን ዘመን አታዩም፣ እኔ እያለሁ።"

ጳጉሜን 2

ሽማግሌ ተቀመጠ። ገበየውም ተጠራ። አባቱ ከጉራጌ የመጡ ናቸው፣ እሱ ግን እዚሁ ሶዶ ተወልዶ ወላይትኛውን ከእኔ በላይ ያሳምረዋል። ስለ ስቲከሩ ልናገር አፌን ስከፍት "እኔም ከአዲስ አበባ ነው የማመጣው፤ ሄደህ ዶላሩን ደብድበው" አለኝ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ።

ጩማ ክስ አልፈለገም። ካሳም አልጠየቀም። "በሩ ባዶ ከዋለ ሌላ ሰው ይቀጥራሉ" ነው ያለው፣ በጎደለው ጥርሱ። ስለዚህ ተፈረደብኝ፤ እጁ እስኪጠገን በቦታው እኔ እቆማለሁ፣ ደመወዙ ለእሱ። የእኔ ትምህርት ቤት እንደሆነ የሚከፈተው መስከረም ሲያልቅ ነው። ገበየው ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። "ጥበቃዬን የዘረረ ጥበቃ ይሆነኛል" አለ።

ጩማ ዱላውን በደህናው እጁ ሰጠኝ። "ለመልክ ነው። ወገቤን ሲያመኝ እደገፈዋለሁ እንጂ ሰው ነክቼበት አላውቅም።" ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

መስከረም 2

ዩኒፎርሙ ትከሻዬ ላይ ሊቀደድ ነው። አንድ ተማሪዬ "ቲቸር!" ብሎ ጠራኝና ሲያየኝ እናቱ ጀርባ ተደበቀ። አንዲት ሴትዮ ፌስታሏን ክፈቺ ስላት ፊቴ ላይ ተፋች።

"ዋጋውን እኔ አልጻፍኩም" አልኳት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የማን ቃል እንደሆነ የገባኝ።

መስከረም 9

ገበየው ለኤልሻዳይ ጣሳ ሰጠኝ። በድሮው ዋጋ። "አሁን የቤት ሰው ነህ" አለኝ። ወሰድኩ። አልወስድም ልበል? ትዝታ ጣሳውን ደረቷ ላይ ይዛ አለቀሰች። ልጄ ጠጥታ፣ አግስታ፣ ተኛች። ክፉ ሰው አይደለም ገበየው...

መስከረም 18

ጊፋታ። ጩማ ቤት ሄድን። እጁ ጀሶ ውስጥ ነው፤ ሥጋውን እኔ ቆርጬ፣ ዳታ በርበሬውን አስነክቼ አጎረስኩት። በጎን ጥርሱ ነው የሚያኝከው። ኤልሻዳይን ጭኑ ላይ አስቀምጦ "ወፍሯል" አለ። አቶ አብርሃም መረቁን። ታርቀናል። ከልቤ ነው የምጽፈው።

መስከረም 23

ዋጋ ጨመረ። ገበየው "ቆመህ ከምትውል" ብሎ ስቲከሩን ሰጠኝ፣ ለጠፍኩ። ጥፍር እንዳይዘው ጠርዝ ጠርዙን በአውራ ጣቴ ጫን ጫን አድርጌ። ገዢዎች ሲልጡት ያናድደኛል። ወለሉን በወረቀት ይሞሉታል።

ኤልሻዳይ ጉንጭ አወጣች።

መስከረም 28

የጩማ ጀሶ ተፈትቷል። ነገ ይመለሳል።

ከሰዓት አንድ ሰው መጣ፤ ጫማው ጭቃ፣ ከቦምቤ ገጠር በኩል የመጣ ይመስላል። የወተት ጣሳ ይዞ ይልጣል። ተው አልኩት። አልሰማኝም። "ታች ያለው ነው ትክክሉ" ይላል ለራሱ። ተው ወንድሜ። "ሕፃን ነው የሚጠጣው" አለኝ። እሱንስ አውቃለሁ! ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ቀና ብሎ ዩኒፎርሜን አየና "የእነሱ ውሻ" አለኝ።

መጀመሪያ በዱላው ትከሻውን። ከዚያ ጣቶቹን... የሚልጡትን። ጣሳውን እስኪለቅ። ከለቀቀም በኋላ። እጄን የያዘኝ ገበየው ነው። "በቃ፣ ልትገድለው ነው" ይላል። ገበየው!

ሰውየው ጣቶቹን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ወጣ። ማንም አላጨበጨበም። ካሸሯ ወደ በሩ ማየት ትታለች።

ማታ ለትዝታ አልነገርኳትም። ኤልሻዳይን ጡጦ ስሰጣት ጣቴን ጨብጣ ያዘች፣ አልለቅ አለች።

ጩማ ጠዋት ዱላውን ሊቀበለኝ ይመጣል። ጓሮ ወስጄ በሳሙና አጠብኩት። ደሙ ለቋል። ጫፉ ግን ተሰንጥቋል።