ውሃ የማይደርስበት ጉብታ

ማርች 9

...እና አባዬ የቦት ጫማውን ጭቃ በረንዳው ላይ እያራገፈ፣ «እዚህ ጉብታ ላይ ወንዙ መቼም አይደርስብንም» ይል ነበር። ስንት ዓመቴ ነበር? ስድስት? ከታች ሜዳው ሁሉ ውሃ ሆኖ፣ ላሞቹ እኛ ዘንድ ሸሽተው ተኮልኩለው... በመስኮት እናያቸዋለን። እንዴት ኮርተን ነበር።

ዛሬ ያንኑ ጉብታ ለመሬት መንቀጥቀጥ ጥናቴ ከቤቱ ጀርባ በኤክስካቫተር አስቆፈርኩት። ወንድሜ ዴርሞት ፈቀደልኝ፤ እርሻው አሁን የእሱ ነው። አሮጌው ቤት ውስጥ የቀረችው እማዬ ብቻ ናት። ሲዘንብ ዋለ። እማዬ በመስኮት፦ «ሞይራ፣ ያንን ጭቃ ይዘሽ እንዳትገቢብኝ!»

ማርች 17

የጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የጠጠሩ ንጣፍ ተቆርጧል፤ የበሰበሰው ቅጠል ንጣፍ ታጥፏል። ጉብታውን ወንዝ አልሠራውም። መሬቱ በየመንቀጥቀጡ እየተሰነጠቀ፣ እየተነሳ ነው የሠራው። ስንጥቁ በእማዬ ወጥ ቤት ሥር ያልፋል።

አባዬ ከዚህ ሁሉ መሬት መርጦ መርጦ...

አፕሪል 28

የቅጠሎቹ ዕድሜ ከላቦራቶሪ መጣ። አራት መንቀጥቀጥ። ስንጥቁ አንዴ ስድስት መቶ ዓመት ተኝቷል፤ ቀጥሎ መቶ እንኳ ሳይሞላው ተመልሷል፤ ከዚያ እንደገና ረጅም ዝምታ። አንዱ መሬቱን በሰው ቁመት ልክ አንስቶታል፣ ሌላው በስንዝር። መላ ቅጥ የለውም።

«በአማካይ ስንት ነው?» አለ ዴርሞት።

«አማካዩ ምንም አይነግርህም።»

«ሃያ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተጎልተሽ አንድ ቁጥር አጣሽ?»

«ነገ ሊሆን ይችላል። የልጅ ልጆችህም ላያዩት ይችላሉ።»

«ይሄንንማ ውሻዬም ያውቀዋል።»

ሳቅን። ለእማዬ ስነግራት ግን «ነገ» የምትለዋን ብቻ ነገርኳት።

ሜይ 12

ቤቱ ከጉብታው እንዲነሳ እማዬን አሳመንኳት። ወይስ አስፈራራኋት? «አንቺ ካልሽ» አለች፣ ሻይዋን ሳትነካ።

ከጉብታው በላይ የሚናድ ተራራ ነው። የቀረው ሜዳው ብቻ። ዴርሞት ከሬዲዮው ድምፅ በላይ ጮኸ፦ «ወንዙስ?»

«የድንጋይ መከላከያ ተሠርቶለት የለ?»

«ወንዙን አውቀዋለሁ፣ ሞይራ። ቀጠሮ አያፈርስም።»

ጁን 3

ቤቱን እንዳለ ከምሶሶዎቹ ቆርጠው በከባድ መኪና ጫኑት። ጎረቤቶች ወንበርና ቢራ ይዘው መጥተዋል፣ ራግቢ ጨዋታ እንደሚያዩ። አንዱ «ኖራ፣ ቤትሽ ጥሎሽ ሽርሽር ወጣ!» ሲላት እማዬ ፈገግ አለች። መጋረጃዎቹን አላወረደቻቸውም። ቤቱ ወደ ሜዳው ቁልቁል ሲወርድ ይውለበለቡ ነበር።

ጉብታው ላይ የምሶሶዎቹ ጉቶ ብቻ ቀረ።

ኦገስት 20

ስንጥቁ ላይ የተከልኳቸው የመንቀጥቀጥ መለኪያ መሣሪያዎቼ ምንም አልመዘገቡም። በየጠዋቱ ቸኩዬ አያቸዋለሁ። ተስፋ የማደርገው ምኑን ነው? እንዲንቀሳቀስ?

ኦክቶበር 14

ወንዙ መከላከያውን ጥሶ ገባ። ዴርሞት እማዬን በትራክተር አወጣት፤ እስከ ወገቧ ርሳለች። ቤቱ ውስጥ ውሃው መስኮት ደርሷል።

ላሞቹ ጉብታው ላይ ወጥተዋል። በጉቶዎቹ መሀል ቆመዋል። አንዲት ጠብታ አልነካቸውም።

ኦክቶበር 26

ከጭቃ ያወጣሁትን የእማዬን ሹራብ አጥቤ ዴርሞት ቤት ሄድኩ። በሩን ገርበብ አድርጎ ቆመ። በትከሻው በኩል አየኋት። ጀርባዋን ሰጥታ ምድጃው አጠገብ ብርድ ልብስ ተጠቅልላለች፤ ታስላለች። የምትወዳቸውን ትናንሽ ዓሦች በእንቁላል ጠብሶላታል። አልነካቻቸውም።

«ልክ ነበርኩ እኮ» አልኩት። ምን አስባለኝ?

«ልክ ነበርሽ።» አልጮኸም። «ወንዙም ልክ ነበር።»

ከውስጥ፦ «ማነው? ሞይራ ናት?»

ሹራቡን ከእጄ ተቀበለኝ። ዞር ብሎ፣ «ማንም አይደለም፣ እማዬ» አለ።

በሩ ተዘጋ።